ኮረብታው ላይ ማን ነበረ?

ሲኒማና የአድዋ ድል እኩዮች ናቸው። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ተንቀሳቃሽ ፊልም ያሳዩት በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነው። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን፣ የጣሊያን ጦር አድዋ ላይ ድል ተመታ። ከዚያ አሥራ አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 1887 ዓ.ም.፣ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታ ገብቶ ከወላይታው ንጉሥ ከካዎ ጦና ጋር ተዋግቶ ነበር። ካዎው ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ከዘማቹ ጋር አብሮ የተጓዘው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም ያየውን ጽፎ አሳትሟል። የፊልም ካሜራ ግን አንዱንም ጦርነት አላየም።

እዚህ በዴሳ፣ ዳሞት ወይዴ ውስጥ፣ የጥንት ጦርነት ወሬ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው የካዎ ጦና ስም ነው፤ አድዋ ይከተላል። ወላይታን ጨምሬ ስለ አገር ፍቅር ፊልም እሠራለሁ የሚል ሰው ይህን ቅደም ተከተል ሳይዝ መነሣት የለበትም። የጦር ፊልም ሁሉ፣ በየትም አገር ቢሠራ፣ ኮረብታው ላይ ማን እንደነበረ ይነግረናል፤ የሚነግረን ደግሞ ካሜራውን የያዘው ወገን ነው። ይህን እኛ በሌሎች ካሜራ ውስጥ ሆነን ተምረነዋል።

በጦር ሜዳ በብዛት የቀረጸን መጀመሪያ ጠላት ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር «ሉቼ» የተባለው የመንግሥት ፊልም ተቋም ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ የቀረጻ ክፍል አቋቁሞ ከጦሩ ጋር አዘመተ። በእ.ኤ.አ. 1936 የወጣው «የጀግኖች ጉዞ» የተባለው ፊልም መንገድ ሲጠረግ፣ ለሠራዊቱ ዳቦ ሲጋገር፣ መርከብ ሲራገፍ፣ መድፍ ሲጎተት በዝርዝር ያሳያል። የኢትዮጵያ ሕዝብ በዚህ ሁሉ መሐል የሚታየው እንደ መልክዓ ምድሩ አካል ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ «ሉቺያኖ ሴራ፣ ፓይለት» ወጣ። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ የተቆጣጠረው ይህ ፊልም በቬኒስ ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት ወሰደ። እዚያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን የጣሊያኖችን ባቡር የሚያጠቁ ተዋጊዎች ናቸው፤ በብዛት ይመጣሉ፣ በብዛት ይወድቃሉ፤ አንዳቸውም ቆም ብሎ የሚያወራ ሰው አይደለም። በእ.ኤ.አ. 1937 የወጣው «የነሐስ ዘቦች» ደግሞ ከጣሊያን ጎን የተሰለፉ ሶማሌ ወታደሮችን በአድናቆት ያሳያል። ጥቁር ወታደር ፊት የሚሰጠው ለባንዲራቸው እስከሞተ ድረስ ነው ማለት ነው።

ሶዶ ከጣሊያን እጅ የወጣችው በግንቦት 1933 ዓ.ም. ነው። ሁለት የጣሊያን ጄኔራሎች እዚያው ተማርከዋል። ከተማዋን የያዘው ጦር በእንግሊዝ መኮንኖች ይመራ እንጂ አብዛኛው ሠራዊቱ ከምሥራቅ አፍሪካ የተመለመለ ጥቁር ወታደር ነበር፤ ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ይባሉ ነበር። በክረምት መግቢያ ጭቃ እያቦኩ፣ የሞሉ ወንዞችን እየተሻገሩ ነው ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ የደረሱት። የእነዚያን ሰዎች ፊት በአንድም የጦር ፊልም ላይ አይቼ አላውቅም።

አሥር ዓመት ሳይሞላ ኢትዮጵያ ራሷ ወታደር ወደ ባሕር ማዶ ላከች። የሰሜን ኮሪያ ጦር በሰኔ 1942 ዓ.ም. ደቡቡን ሲወር፣ የጋራ ደኅንነት ጉዳይ ከጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ሸንጎ ጀምሮ የራሳቸው ቁስል የሆነባቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ጦር ሰጡ። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው ሻለቃ «ቃኘው» ተባለ፤ በራስ መኮንን የፈረስ ስም። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ በአሜሪካ መርከብ ተሳፈረና ፑሳን ወደብ ደረሰ። አዛዡ ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ሁለተኛውን ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩት። ሻለቃው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ውስጥ ተመደበ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድም ሰው አልተማረከም። ከፊት ለፊታቸው የተሰለፈው በዋናነት የቻይና «የሕዝብ በጎ ፈቃደኞች» ጦር ነበር።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ታሪክ ከቻይና የጦር ፊልም ጋር የሚገናኘው።

በጥቅምትና በኅዳር 1945 ዓ.ም. አሜሪካኖቹ «ትራያንግል ሂል»፣ ቻይናዎቹ «ሻንጋንሊንግ» በሚሉት ግንባር ከአርባ ቀን በላይ የፈጀ ውጊያ ተካሄደ። ማጥቃቱን የጀመረው 7ኛው ክፍለ ጦር ነው፤ ቃኘውም ከእሱ ጋር ተሰልፎ ነበር። ኮረብታዎቹ በመድፍ ከመደብደባቸው የተነሣ ቁመታቸው ቀነሰ እስኪባል ድረስ አፈሩ ዱቄት ሆነ። ቻይናዎቹ ወደ ዋሻ ገቡ፤ ቀን ከላይ ሲያጡ ሌሊት ከሥር እየወጡ መልሰው ተዋጉ። በመጨረሻ ግንባሩ በእነሱ እጅ ቀረ። ለቻይና ይህ የኮሪያ ጦርነት ዋና የጀግንነት ስም ሆነ።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ በእ.ኤ.አ. 1956፣ የቻንግቹን ፊልም ስቱዲዮ «ሻንጋንሊንግ» የተባለውን ፊልም አወጣ፤ ዳይሬክተሮቹ ሻ ሜንግና ሊን ሻን ነበሩ። ፊልሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው ዋሻ ውስጥ ነው። ውኃ አልቋል። የወታደሮቹ ከንፈር ተሰነጣጥቋል፤ የሬዲዮ ሠራተኛው ድምፁ ተዘግቷል። በዚህ መሐል አንድ ፖም ዋሻው ውስጥ ይገባል። አዛዡ ለወታደር ይሰጠዋል፣ ወታደሩ ለጎኑ፣ ጎኑ ያለው ለቆሰለው፣ የቆሰለው ለሌላው። ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ እየተከተለ እያንዳንዱን ፊት ያሳያል፤ ፖሙ ዞሮ ዞሮ ሳያልቅ ይመለሳል። ዋንግ ላን የተባለችው ነርስ ስለ አገር ቤት ወንዝ ስትዘፍን ደግሞ ከበስተጀርባ የሚሰማው የጉዎ ላንዪንግ ድምፅ ነው፤ ዘፈኑ እስከ ዛሬ ቻይና ውስጥ ከብሔራዊ መዝሙር ቀጥሎ የሚታወቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ፊልም አከብረዋለሁ። ተራ ወታደርን እንደ ሰው ያየ፣ ሴትን ከዋሻው ያላስወጣ ፊልም ነው። የፕሮፓጋንዳ ሥራ ብሎ ብቻ ማለፍ ያ ፖም የሚያደርገውን አለማየት ነው። ግን ከዋሻው አፍ ወዲያ ያለው ሁሉ አንድ ስም ብቻ አለው፤ አሜሪካ። ከወዲያ በኩል በብርድ ምሽግ ውስጥ ያደረው ኢትዮጵያዊ፣ ከሩቅ አገር የመጣ፣ እንደ ቻይናዊው ሁሉ የገበሬ ልጅ የሆነ ወታደር፣ በፊልሙ ውስጥ ቦታ የለውም። በዚያው ግንባር የነበረው ኮሎምቢያዊም የለም። ለፊልሙ ሐሳብ አይመቹም፤ ታላቋን አሜሪካ ያቆምን እኛ ነን ለሚል ታሪክ ሌላ ጥቁርና ደሃ ሕዝብ በጠላት በኩል መታየቱ ነገሩን ያወሳስበዋል።

እንግዲህ ጠላት ባያሳየን ወዳጅ አሳየን ይሆን? በዚያው በእ.ኤ.አ. 1956 አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል «ፖርክ ቾፕ ሂል» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። ማርሻል ከውጊያ የተመለሱ ወታደሮችን ሰብስቦ፣ ማን የት እንደነበረ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደተኮሰ ደቂቃ በደቂቃ እየጠየቀ የሚጽፍ ሰው ነበር። በመጽሐፉ ለኢትዮጵያውያን የሌሊት ቅኝት ምዕራፎች ሰጠ፤ በጨለማ ሸለቆ ወርደው ከእነሱ እጅግ ከሚበልጥ ኃይል ጋር እንዴት እንደተጋጠሙ፣ የወደቀውን ወገናቸውን አስከሬን ለጠላት ሳይተዉ እንዴት እንደተመለሱ በዝርዝርና በአድናቆት ጻፈ። በእ.ኤ.አ. 1959 ሉዊስ ማይልስቶን ከመጽሐፉ ፊልም ሠራ፤ ዋናው ተዋናይ ግሪጎሪ ፔክ ነበር። ለዘመኑ የተለያየ ፊት ያለው ፊልም ነው፤ ጃፓናዊ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ መኮንን አለ፤ ዉዲ ስትሮድ የሚጫወተው ጥቁር ወታደር «ይህ ጦርነት የእኔ ነውን?» የሚያሰኝ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። የኢትዮጵያውያኑ ምዕራፎች ግን ከመጽሐፉ ወደ ፊልሙ አልተሻገሩም። ሆሊውድ ከነበረው የመጽሐፍ ገጽ ላይ እያየ ነው የተዋቸው፤ ለእኔ ይህ ከቻይናዎቹ ዝምታ ይልቅ ይከብዳል።

ቻይና ውስጥ ብዝኃነት በፊልም አልጠፋም ነበር፤ የተመደበለት ቦታ ግን ሌላ ነው። በእነዚያው ዓመታት ስለ አናሳ ብሔረሰቦች የሚተርኩ ፊልሞች በብዛት ይሠሩ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1959 የወጣው «አምስቱ ወርቃማ አበቦች» የባይ ብሔረሰብን፣ በእ.ኤ.አ. 1964 የተሠራው «አሺማ» የዪ ሕዝብን ተረት ይዘው በዘፈን፣ በጭፈራና በደማቅ ልብስ ይታያሉ። «ባሪያዎቹ» የተባለው የእ.ኤ.አ. 1963 ፊልም ደግሞ ለቲቤት ጭሰኛ የሕዝብ ነፃ አውጪው ጦር ሲደርስለት ያሳያል። አናሳው ይዘፍናል፣ ወይም ነፃ ይወጣል። የአገሪቱን ዕጣ በኮረብታ ላይ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

ይህን የምጽፈው ቻይናን ለመንቀፍ አይደለም። ወላይታ ሆኖ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያየ ሰው ይህን አደላደል ያውቀዋል። ወላይታ በስክሪን የመጣበት ዋና በር ጭፈራው ነው። ወገቡ የሚንቀሳቀሰው፣ የቀይ፣ የቢጫና የጥቁር ጥለት ልብስ ለብሶ መድረክ የሚወጣው ወጣት ከልጅነታችን ጀምሮ አብሮን አለ፤ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲደርስ ካሜራ ወደ ሶዶ ይመጣል። ጭፈራችን የምንኮራበት ነው፤ አንዳችም አልነፍገውም። ስለ ጦርነትና ስለ አገር መሠረት በሚተረክበት ፊልም ግን ያው ወጣት ከመድረኩ ወርዶ ይጠፋል።

በጥር 1956 ዓ.ም. የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ አፍሪካን ሲጎበኙ ኢትዮጵያም መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ የተቀበሏቸው አዲስ አበባ ሳይሆን አሥመራ ላይ ነው፤ አሜሪካ ደስ እንዳላላት ግልጽ ነበር፤ ሁለቱ አገሮችም ገና በይፋ አልተዋወቁም። በዚያው በእ.ኤ.አ. 1964 ቻይና ውስጥ ስለ ኮሪያ ጦርነት ሌላ ታላቅ ፊልም ወጣ፤ «ጀግና ወንዶችና ሴቶች ልጆች» ይባላል፤ ወታደሩ ዋንግ ቼንግ ምሽጉ ሲከበብ የራሱ መድፍ በራሱ ላይ እንዲተኮስ በሬዲዮ የሚጮኽበት ትዕይንት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። መሪዎቹ አሥመራ ላይ እጅ ሲጨባበጡ ፊልሙ ጦርነቱን ገና አልጨረሰውም ነበር። በ1963 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለቤይጂንግ መንግሥት እውቅና ሰጠች፤ በዓመቱ ኃይለ ሥላሴ ቤይጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ። የቃኘው ዘማቾች ያኔ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ።

ደርግ ሲመጣ ሌላ ዝምታ ተጨመረባቸው። ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ የሆነ መንግሥት፣ ሰሜን ኮሪያን የወጋ ሠራዊት ገድል እንዲነሣ አይፈልግም። በ1977 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ ላይ የቆመው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እገዛ ነው የተሠራው። የእኛን ጀግና መልክ ድንጋይና ነሐስ ላይ የቀረጸው የዚያ ጦርነት ሌላው ወገን ሆነ ማለት ነው። በከተማይቱ ማዶ ኮሪያ ሰፈር የሚኖሩት አባቶች ኒሻናቸውን ሳጥን ውስጥ አስቀመጡ።

ኃይሌ ገሪማ «አድዋ»ን በእ.ኤ.አ. 1999 ሲያወጣ ያንን አንድም ፊልም ያልተቀረጸበትን ጦርነት እንዴት ማሳየት እንደሚቻል መልስ ሰጠ። የቤተ ክርስቲያንና የባህል ሥዕሎችን፣ ዘፈንን፣ ሽለላንና ፉከራን፣ ከሁሉ በላይ የሽማግሌዎችን ቃል አሰባስቦ ዘጋቢ ፊልም አደረገው። ምስል የለም ብሎ አላቆመም፤ ምስሉን ከሰው ቃል ፈለገ። ያ አሠራር ለቃኘውም፣ ለካዎ ጦናም ይሠራል። ታላቁ የአገራችን ፊልም ሠሪ መንገዱን ከከፈተ ሃያ አምስት ዓመት አልፏል፤ በመንገዱ ላይ የሄዱት ግን ጥቂት ናቸው።

ቻይና በዚህ ጊዜ ወደ ሲኒማ ቤት ሌላ ዓይነት የጦር ፊልም ይዛ መጣች፤ መድረኩም አፍሪካ ሆነ። በእ.ኤ.አ. 2017 ዉ ጂንግ ያዘጋጀውና የተጫወተበት «ዎልፍ ዎሪየር 2» ከ5.6 ቢሊዮን ዩዋን በላይ አስገባ። ታሪኩ ስም በሌለው የአፍሪካ አገር ውስጥ ይካሄዳል፤ ዓመፅ፣ ተላላፊ በሽታና ቅጥረኛ ወታደር አለ። መጨረሻው አካባቢ ዋናው ገጸ ባሕርይ የቻይናን ባንዲራ ክንዱ ላይ ሰቅሎ፣ ከኋላው ሰላማዊ ሰዎችን የጫኑ መኪኖች አስከትሎ፣ በሚዋጉት መሐል ያልፋል፤ ተኩስ ይቆማል። ቻይናዊ ተመልካች በዚያ ትዕይንት ለምን እንደሚያለቅስ ይገባኛል። አፍሪካዊ ሆኖ ለሚያየው ግን ሌላ ነገር አለ፤ ባንዲራው ስም አለው፣ የሚውለበለብበት አገር ስም የለውም። አፍሪካዊው የሚድን ሕፃን፣ የሚሸሽ ሠራተኛ ወይም የሚተኩስ ዓማፂ ነው።

እውነተኛው ታሪክ ከዚያ ፊልም ይበልጥ ያቀራርበን ነበር። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. የመን ስትቃጠል የቻይና የባሕር ኃይል የራሱን ዜጎች ካወጣ በኋላ ከኤደን ወደብ የ10 አገሮች ተወላጅ የሆኑ 225 የውጭ ሰዎችን አሳፍሮ ጅቡቲ አደረሰ። ከእነሱ ውስጥ 29ኙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የቃኘው ልጆችና የልጅ ልጆች ትውልድ፣ አያቶቻቸው የተዋጉት ሠራዊት መርከብ ላይ ወጥተው፣ ቃኘው ኮሪያ ሲሄድ ወደ ተሳፈረባት ወደ ጅቡቲ መጡ። በእ.ኤ.አ. 2018 የወጣው የዳንቴ ላም «ኦፕሬሽን ሬድ ሲ» መነሻውን ከዚህ ማስወጣት ወስዶ የፈጠራ አገር ውስጥ አስገባው፤ ዓይኑ ያረፈው በቻይና ኮማንዶዎች ላይ፣ በታጋች ቻይናዊትና በኑክሌር ንጥረ ነገር ላይ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ «የቻንግጂን ሐይቅ ጦርነት» ወደ ኮሪያ ተመለሰ። ቼን ካይጌ፣ ትሱይ ሃርክና ዳንቴ ላም በአንድ ላይ ያዘጋጁት ይህ ፊልም ከ5.7 ቢሊዮን ዩዋን በላይ በማስገባት በወቅቱ የቻይናን ሪከርድ ሰበረ። ጦርነቱ በ1943 ዓ.ም. ክረምታቸው የተደረገ ነው፤ ቃኘው ገና አዲስ አበባ ነበር፤ ስለዚህ እኛን አላሳየም ብለን አንከስሰውም። ያስገረመኝ ሌላ ነው። ጦርነቱ የሚደረገው በኮሪያ ምድር ሆኖ ኮሪያውያን ራሳቸው እምብዛም አይታዩም። የቤቱ ባለቤት በራሱ ቤት ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ከጠፋ፣ በሁለት ትልልቅ አገሮች መሐል የሚሠራ የአገር ፍቅር ፊልም ሦስተኛ ሰው የሚያስገባበት ወንበር እንደሌለው ግልጽ ነው።

ስለዚህ ቃኘውን በፊልም የማየት ተስፋችንን ቤይጂንግም ሆነ ሎስ አንጀለስ ላይ መጣል አይገባንም። ደቡብ ኮሪያ በቹንቾን ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት በ1960 ዓ.ም. አቁማለች፤ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተዋል፤ በኋላም የመታሰቢያ አዳራሽ ጨመረችበት። ዶንግዱቾን ውስጥ ቃኘዎች ለጦርነት ወላጅ አልባ ሕፃናት የከፈቱት «ቦህዋወን» የተባለ ማሳደጊያ ነበር፤ ወታደሮቹ ከደሞዛቸው እያዋጡ ልጆቹን ይመግቡ ነበር። ለሻንጋንሊንጉ ፖም እኩያ የሚሆን ትዕይንት ከፈለግን እዚያ አለ። ቀን በረዶ ውስጥ ምሽግ የቆፈረ የሐረር፣ የጎጃም፣ የወለጋ ወይም የሲዳሞ ልጅ፣ አንድ ቋንቋ የማይጋራውን ኮሪያዊ ሕፃን አዝሎ የሚታይበት ፊልም ማንም ሊሠራልን አይችልም፤ የእኛ ነው።

ለዚያ ፊልም ተዋናይ ሲመረጥ አንድ ዓይነት ፊት፣ አንድ ዓይነት አነጋገር ብቻ «ኢትዮጵያዊ ወታደር» ተብሎ እንዳይሰለፍ አሁኑኑ መሟገት ይገባል። ክቡር ዘበኛ ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመልምሎ የተሠራ ጦር ነበር። ትእዛዙ በአማርኛ ይሰጥ እንጂ ሲመታ እናቱን የጠራባት ቋንቋ የየቤቱ ነበረች። ወላይታውን በፊልሙ ውስጥ የማስገባው ለሒሳብ ማሟያ ብዬ አይደለም፤ የካዎ ጦና አገር ልጅ ለአገሩ ባንዲራ ኮሪያ ድረስ መሄዱ፣ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ቁስልና ኩራት በአንድ ሰው ፊት ላይ ስለሚያመጣው ነው። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ለደራሲም ለተዋናይም ከተራ ጀግና ይበልጣል።

የዘመቱት አባቶች በሕይወት ያሉት ዛሬ ከ90 ዓመት በላይ ናቸው። ስክሪፕት ከመጻፉ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ በየወረዳው ኮሪያ የዘመተ አባት ወይም አያት ያለው ቤተሰብ ፎቶውን፣ ደብዳቤውንና ኒሻኑን ይዞ እንዲመጣ መጥራት፣ በሕይወት ያለውን በራሱ ቋንቋ መቅረጽ። ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካሜራ ይዞ መውጣት ይችላል፤ ዳሞት ወይዴ፣ ሁምቦ፣ ቦሎሶ፣ ኦፋ ቅርብ ናቸው። ከበዴሳ ገበያ ቢጀመርም እንኳ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ሰው ይገኛል ብዬ አምናለሁ።